«ዓይን አፋር ነው» አሉን

ኤዲያ! ይሄን ታሪክ ልናገር አፌን ስከፍት ገና ሆዴን ያጥወለውለኛል። ግን ከተማው ሁሉ በየደረጃው ላይ ተቀምጦ የመሰለውን ሲያወራ እኔ ለምን ዝም እላለሁ? አንዷ ኮራዲናን ዓይን አውጣ ትላታለች። ሌላዋ ለልጁ እንባዋን ታፈስለታለች፤ «ምስኪን፣ ዓይን አፋር ነው እኮ!» እያለች። ማናቸውም ከኋላቸው አልተራመዱም። የተራመድኩት እኔ ነኝ።

ኢንኮሮናታ እባላለሁ፤ ቤት ውስጥ ናታ ይሉኛል። የኮራዲና አባት ታላቅ እህት ነኝ። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ እግሬ ላይ ግን የእሑድ ጫማ ያወጣብኝ ጉብታ አለ። በእኛ ከተማ የልጁ ወላጆች ልጅቷ ቤት መጥተው ቁጭ እስኪሉ ድረስ ሴት ልጅ ከወንድ ጋር ብቻዋን አትሄድም። ዘመድ ከኋላ ይከተላል። ዘመዷ ደግሞ እኔ ነኝ። እነሱ ከፊት ሆነው እየተያዩ ይሄዳሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ የሰው ቤት በረንዳ እያየሁ እሄዳለሁ። ሲቆሙ እቆማለሁ። ሲሳሳቁ እንዳልሰማ ሆኜ አፍንጫዬን እናፈጣለሁ።

ኮራዲናን እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ወንድሜ ፓንታሌዮ ጠዋት ጀልባውን ሲያስጠጋ እሷ ወደቡ ላይ ትጠብቀዋለች። ኦክቶፐሱን ትቀበለውና ሥጋው እስኪለሰልስ ድንጋዩ ላይ ታነሳዋለች፣ ታፈርጠዋለች። ከዚያ የባሕር ውኃ በሞላው ገንዳ ውስጥ እግሮቹ ጥቅልል እስኪሉ ትነቀንቀዋለች። እኛ ጥሬውን ነው የምንበላው፤ ሎሚ ካለ በሎሚ፣ ከሌለም እንዲያው። እጇ ሁልጊዜ ቀይ ነው፣ ክንዷም የወንድ ክንድ ነው። ስትስቅ ሳቋ ከጀልባ ጀልባ ይሰማል።

ኦራዚዮ የፋርማሲስቱ የዶን ጃቺንቶ አንድያ ልጅ ነው። ነጭ ጋውን ለብሶ ከመደርደሪያው ኋላ ይቆማል፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ሲገባ ከበሽተኛው በላይ የሚቀላው እሱ ነው። ስሙን ሲጠሩት ይቀላል። እንደምን አደርክ ሲሉት ይንተባተባል። ሴቶቹ ደግሞ ይሄን ሲያዩ አንጀታቸው ይንሰፈሰፋል። ይገርመኛል እኮ! የአናጢው ልጅ ሲንተባተብ ደደብ ይባላል፣ የፋርማሲስቱ ልጅ ሲንተባተብ ጨዋና ዓይን አፋር ይባላል።

አንድ ክረምት ሙሉ ወደቡ ላይ እየመጣ ኦክቶፐስ ገዛ። ከአፉ የሚወጣው «አ... አንድ» ብቻ ነው። እናቱ ዶና ኤልቪራ ከባሕር የወጣ ጥሬ ነገር ቤቷ እንደማታስገባ ኮራዲና ታውቃለች። ታዲያ የት ያደርሰዋል? ኋላ ላይ ነው ከፋርማሲው ጓሮ ያሉት ድመቶች ሆዳቸው መሬት እየነካ መሄድ እንደጀመሩ ያየችው። በሚቀጥለው ቀን ሲመጣ «የዛሬውን ለየትኛዋ ድመት ልምታልህ?» አለችው። ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ሳቀ። ያን ሳቅ እኔም አይቼዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ሰው የሚያፈቅረው ሳቅ ነው። እሷም በዚያው በፍቅሩ ወደቀች።

ያ ጥሩው ነው። አሁን ወደሚያስጠላው እንምጣ።

እዚህ አገር ሰው አፉን የሚፈታው «ቬርጎኛ» በሚለው ቃል ነው። ሐፍረት! ሕፃን ሾርባ ቢያፈስ ሐፍረት ነው። ሸሚዝ ሳይተኮስ ቢለበስ ሐፍረት ነው። መጋረጃው ቢነጣ፣ ውሻው ያለ ሰዓቱ ቢጮህ፣ እንግዳ መጥቶ ብስኩት ቢያልቅ፣ ሁሉም ሐፍረት። ጠዋት ተነስተው ፊታቸውን ሳይታጠቡ ስለ ፊታቸው ይጨነቃሉ፤ «ሰው ምን ይለናል? ምን ዓይነት ፊት እናሳያለን?» ይላሉ። ጎረቤቱን ሰርቆ ያልተያዘ ሰው ግን ቀና ብሎ ይሄዳል። ሐፍረት የሚሉት መታየትን እንጂ ማድረግን አይደለም። ይሄ ነው እኔን የሚያንገሸግሸኝ።

የዚህ ሁሉ ንግሥት ደግሞ ዶና ኤልቪራ ናት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኮራዲና ከኋላዋ ብትቀመጥ መሀረብ አውጥታ አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች። ጉንፋን አይደለም። ሁለተኛዋ እሑድም፣ ሦስተኛዋም እሑድ ያው ነው። ኮራዲና እጇን በሎሚና በጨው ስትፈትግ አመሸች፣ ቆዳዋ እስኪላጥ። «ተይ አንቺ ልጅ» ብላት «አክስቴ፣ ትንሽ ይሸታል መሰለኝ» ትለኛለች። ምን ልበላት? ባሕር ነው የሚሸተው። ባሕር ባይሸትማ ምን ይሸታል?

የከተማችን በዓል የዋለበት እሑድ ደረሰ። ኦራዚዮ አንድ ነገር ቃል ገብቶላት ነበር፤ ያን ዕለት አመሻሽ ሰው ሁሉ በሚንሸራሸርበት ዋና መንገድ፣ ኮርሶ ላይ፣ ክንዱን ሊሰጣት።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በኮርሶ ጎን ለጎን መሄድ ሌላ፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ መሄድ ሌላ። ክንዱን የሰጠ ሰው ለከተማው ሁሉ «ይቺ የእኔ ናት» ማለቱ ነው። ክንዱን የተቀበለች ልጅ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ ወንድ አይጠይቃትም። ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ወይ ትዳር ነው፣ ወይ እንደ እኔ የእሑድ ጫማና የእግር ጉብታ ነው።

ኮራዲና ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች። እኔ ፀጉሯን አበጠርኩላት።

«ባይሰጠኝስ አክስቴ?»

«ምን ሊሆን አይሰጥሽም?»

«ሰው ሲያይ ይደነግጣል እኮ። ልቡ ይፈልጋል፣ እግሩ ግን ወደ ኋላ ይስበዋል።»

«እግሩ ወደ ኋላ ከሳበው እኔ ከኋላ ነኝ፤ እገፋዋለሁ» አልኳት። ሳቀች። ያን ሳቋን አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

ሰጣት! የአደባባዩ ፏፏቴ ጋ ሲደርሱ ቆመ፣ ፊቱ የበሰለ በርበሬ መሰለ፣ ክንዱን አጠፈና ወደ እሷ ገፋ አደረገው። እሷም ያቺን ቀይ እጇን ቀስ አድርጋ አሳረፈችበት። ከተማው ሁሉ እዚያ ነው፤ በዓል ነው፤ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፣ ልጆች አይስክሬም እያንጠባጠቡ ይሮጣሉ። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት በር ላይ የቆሙት ወንዶች ባርኔጣቸውን አነሱ። ኮራዲና ግራም ቀኝም አላየችም፤ ፊት ለፊቷን ብቻ ታይ ነበር። እኔ ከኋላ ሆኜ የአንገቷን ቀጥ ማለት አይቼ እንደ ሞኝ አለቀስኩ።

ከዚያ ከፊት ለፊት ዶና ኤልቪራ መጣች።

ከውል አዋዋዩ ሚስት ጋር ነበረች። የውል አዋዋዩ ሚስት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ዓይኗ ደካማ ስለሆነ ሰውን ሁሉ ጠጋ ብላ ነው የምታየው። ጠጋ አለችና «ኦራዚዮ! እንዴት አምሮብሃል! ይቺ ቆንጆ ደግሞ ማን ናት?» አለችው።

እኔ ሁለት ክንድ ያህል ከኋላቸው ነኝ። ሁሉንም አይቻለሁ። ኦራዚዮ ወደ እናቱ አየ። እናቱ ቅንድቧን ብቻ ትንሽ አነሳች። ልጁ ክንዱን ከኮራዲና እጅ ሥር ሳብ አደረገው፤ ሰው ዝንብ እንደሚያባርረው፣ እንዲህ።

«ይቺማ ዓሣ የምታመጣልን ልጅ ናት» አለ። «ስለ ነገ ምሳ እየነገርኳት ነው።»

አልተንተባተበም። አንዲት ቃል አልጎረበጠችውም። ውኃ የመሰለ አነጋገር!

ዶና ኤልቪራ ፈገግ አለች። «አዎ፣ ጎበዝ ልጅ ናት። አንቺ ልጅ፣ ማክሰኞ ካላማሪ እንፈልጋለን። በጓሮ በር አምጪው፤ የፊቱ ደረጃ ታጥቦ ነው የሚውለው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኮራዲና ግን «እሺ፣ ዶና ኤልቪራ» አለች። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች። ብቻዋን! ሴት ልጅ በበዓል ቀን ኮርሶን ብቻዋን፣ እስከ ካቴድራሉ! ክንዷ እንደታጠፈ ነበር፤ ሰው የያዘች ይመስል። እኔ በዚያ ጫማ እየተንገዳገድኩ ከኋላዋ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል፣ ባንዱ ይነፋል።

ከካቴድራሉ ግንብ ኋላ ስትደርስ ግድግዳውን በአንድ እጇ ይዛ አስመለሳት። ጠዋት የበላችውን ሁሉ አወጣች።

«አመመሽ እንዴ ልጄ?»

«አላመመኝም አክስቴ» አለችኝ አፏን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አስጠላኝ።»

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያቺን ሰማያዊ ቀሚስ አጠበቻት፣ ሰቀለቻት፣ አሸተተቻት፣ እንደገና አጠበቻት። የእሱ ሽቶ አልለቅ አለኝ ትላለች። እኔ ባሸተው ሳሙና ብቻ ነው። ፋርማሲው ያለበትን መንገድ ትታ በጠባቧ መንገድ መዞር ጀመረች። ወደቡ ላይ ኦክቶፐሱን ስትመታ ግን ዓሣ አጥማጆቹ እንኳ ዘወር ይሉላት ነበር።

ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። የፋርማሲው ገረድ ሽርጧ ሥር ሸሽጋ ታመጣዋለች። ኮራዲና አንዱን ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችልኝ። «ውዴ፣ ከሕፃንነቴ ጀምሮ ይህ ዓይን አፋርነቴ ጠላቴ ነው። ያን ጊዜ ደሜ ወደ ፊቴ ወጥቶ የተናገርኩትን አላውቅም። እኔ ሳልሆን ሐፍረቴ ነው የተናገረው። የማፈቅርሽ ምን ያህል እንደሆነ...» እያለ ይሄዳል፣ ይሄዳል። ምን ያማረ ጽሑፍ! ሰውየው አፉን ፖስታ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።

ግን እኔም ሰው ነኝ፣ ልቤ ራራ። ለእሷም ፈርቼ ነው። ከተማው በሙሉ ክንድ ለክንድ አይቷታል፤ ይሄ ልጅ ከቀረ ሌላ የለም። «ኮራዲና፣ ምናልባት እኮ እውነቱን ነው» አልኳት። «ዓይን አፋር ሰው ሲደነግጥ የሚሆነውን አያውቅም። እናቱ ፊት ለፊት ስትመጣበት ተደናገጠ። ይቅር በይው።»

ደብዳቤውን አጠፈችው።

«አክስቴ፣ ዓይን አፋር ሰው ሲደነግጥ ምን ይሆናል?»

«ምላሱ ይተሳሰራል፣ ዝም ይላል።»

«እሱ ዝም አለ?»

ዓይኔን ወደ ባሕሩ መለስኩ። እሷ ቀጠለች።

«ሲያፈቅረኝ ይንተባተባል። አንድ ኦክቶፐስ ስጪኝ ለማለት ይንተባተባል። ስሜን ለመጥራት እንኳ ሁለቴ ሦስቴ ይሞክራል። በሕይወቱ ሳይንተባተብ የተናገረው እኔን ሲክደኝ ነው።» ከዚያ ድምጿ ተቀየረ። «የሚያስጠላኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ልንገርሽ? አሁንም ድምፁን ከሩቅ ስሰማ ወደ እሱ ልሮጥ ያምረኛል። ወዲያው ደግሞ ያቅለሸልሸኛል። ሁለቱ በአንድ ሆድ ውስጥ እንዴት ነው የሚኖሩት?»

እኔ ምን አውቃለሁ? አቀፍኳት፤ ትከሻዋ ድንጋይ ሆኖ ነበር።

ወሬ ግን እንደ ነፋስ ነው፤ ዞሮ የፋርማሲውን በር መታ። መጀመሪያ ሰው በእኛ ነበር የሚስቀው። ኋላ ግን «የዶን ጃቺንቶ ልጅ ክንዱን ሰጥቶ ነጠቀ» ማለት መጣ። ዓሣ ሻጭ ማግባት ለነሱ አንድ ሐፍረት ነው፤ በኮርሶ መሀል የሰጡትን ክንድ መንጠቅ ግን ሌላና የባሰ ሐፍረት ነው። ሴቶቹ ፋርማሲው ውስጥ ሲገቡ ድምፃቸውን ይቀንሱ ጀመር። የውል አዋዋዩ ሚስትም የሳል መድኃኒቷን ከሌላ ቦታ ማስመጣት ጀመረች። ዶና ኤልቪራ ይሄን አልቻለችውም።

ስለዚህ መጡ። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ባለበት ሰዓት። ዶን ጃቺንቶ ከፊት፣ ዶና ኤልቪራ በመካከል፣ ኦራዚዮ ከኋላ። ኬክ በወርቃማ ጥብጣብ አስረው፣ ትሪውን ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርገው ነው የያዙት። እኛ ሰፈር ጎረቤት ሁሉ በመስኮት ብቅ አለ። ፓንታሌዮ ወንድሜ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይጠብቃቸው ነበር፤ ምስኪን፣ ትንፋሽ አጥሮት።

ዶና ኤልቪራ ወንበራችን ላይ ከመቀመጧ በፊት ምን አደረገች መሰላችሁ? መሀረቧን ዘርግታ አነጠፈች። ወንበራችን ላይ! እኔ በእንባና በሰም የወለወልኩት ወንበር ላይ! እንትፍ ብዬ ብወጣ ደስ ባለኝ።

«ያው ወጣቶቹ ይዋደዳሉ ይባላል» አለች ዙሪያውን እያየች። «ሰውም አፉን ከፍቷል። እኛ ደግሞ ሰው የምናከብር ቤተሰብ ነን። ስለዚህ እንዲጋቡ ወስነናል።»

ፓንታሌዮ ዓይኑ በራ። እኔም ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ልቤ ዘለለ። ልጄ ከድንጋዩ ላይ ልትነሳ፣ ባል ሊኖራት፣ የምትወደውን ሰው ልታገባ! ለአንድ አፍታ መሀረቡንም ረሳሁት።

«ሠርጉ ባሪ ከተማ ይሆናል፣ በእህቴ ደብር። እዚያ ማንም አያውቀንም። ልጅቷ ከነገ ጀምሮ ወደብ መሄዷን ታቆማለች፤ እጇ እስኪነጣ ጓንት ታድርግ። አባቷ ደግሞ...» ወደ ፓንታሌዮ ዞር ሳትል ቀጠለች። «አባቷ ሥራ ይበዛበታል። ባይመጣም ማንም አይቀየመውም።»

ወንድሜ እጁን አየ። መረቡ የበላውን እጁን ገልብጦ አየና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «እንዳሉ ዶና ኤልቪራ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷ ደስ ይበላት እንጂ እኔ ግዴለም። ባሕር ላይ ሆኜ ደወሉን እሰማለሁ።»

ደወሉን እሰማለሁ! ከባሪ? ምን ደወል ነው ከባሪ እኛ ጋ የሚሰማው? ሰው ለልጁ ሲል ይሄን ያህል ራሱን ሲያዋርድ ማየት እንዴት እንደሚያቃጥል!

ኮራዲና ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በእጇ ሳህን ይዛለች፤ የዛሬ ጠዋት ኦክቶፐስ፣ ጥሬውን፣ እግሩ ጥቅልል ያለ። መጥታ ኬኩ አጠገብ አስቀመጠችው። ዶና ኤልቪራ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ወሰደች። እንግዳ የቀረበለትን ሳይቀምስ መተው በኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ቀረች።

«እንብላ» አለች ኮራዲና። ማንም እጁን አልዘረጋም። ከዚያ ወደ ኦራዚዮ ዞረች። እሱ ከመጣ ጀምሮ ወለሉን ነው የሚያየው።

«ኦራዚዮ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ያን ዕለት ክንድህን የወሰድከው ዓይን አፋር ስለሆንክ ነው፣ ወይስ አፍረህብኝ ነው?»

«ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ...» አለች እናቱ።

«እርስዎን አልጠየቅኩም፣ ዶና ኤልቪራ።»

«አንቺ! እንዴት...»

«እሱን ነው የጠየቅኩት።»

በመስኮታችን ሥር የቆሙት ሴቶች ወደ ግድግዳው ተጠግተዋል። እኔ በሆዴ «ዓይን አፋር ነኝ በል! በል እንጂ አንተ ልጅ! እንዲህ በልና ይለቅ!» እያልኩ እለምነዋለሁ። አንድ ቃል ነው። ዋሽቶ ቢላት ታምነዋለች ብዬ አይደለም፤ የምትይዘው ነገር ይሰጣታል ብዬ ነው። ሴት ልጅ ያቺን ትንሽ ነገር ይዛ ሃያ ዓመት ትኖራለች፤ ስንቱን አይቻለሁ።

ኦራዚዮ ቀና አለ። ፊቱ አልቀላም። አመድ መሰለ።

«አ... አ...» አለ። «አፈ... አፈርኩብሽ።»

ፓንታሌዮ ብድግ አለ። ኮራዲና በእጇ ምልክት ሰጠችውና ተመልሶ ተቀመጠ።

«ቀጥል» አለችው።

«እ... እናቴ ራሷን አሟታል፣ በበዓሉ አትወጣም ስ... ሲሉኝ ነው ያን እሑድ የመረጥኩት። ትወጣለች ቢሉኝ ኖሮ ክ... ክንዴን አልሰጥሽም ነበር። ሳያት... ሳያት እጅሽን አየሁት። ቀይ ነው። በእናቴ ዓይን አየሁት። በዚያች ሰዓት ቀ... ቀፈፈኝ።» ላብ በግንባሩ ወረደ። «ደብዳቤው ውሸት ነው። ዓይን አፋርነቱ መ... መደበቂያዬ ነው። ሁሉም ሰው ስለሚያዝንልኝ እዚያ ውስጥ እ... እገባለሁ። የማፈቅርሽ ግን እውነት ነው። እሱ እ... እውነት ነው።»

«ቬርጎኛ!» ጮኸች ዶና ኤልቪራ ተነስታ። «ሰው ይሰማል! መስኮቱ ክፍት ነው እኮ! ጃቺንቶ፣ ምን ትቀመጣለህ?»

ዶን ጃቺንቶ ግን ልጁን ያይ ነበር፤ አይቶት የማያውቅ ይመስል።

ኮራዲና ወንበር ስባ ከኦራዚዮ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓይኗ ሞላ። ከዚያ ክፉ እሑድ ወዲህ እንባዋን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ይሄን ስትነግረኝ ተንተባተብክ» አለችው። «ስለዚህ አምኜሃለሁ።»

«ኮ... ኮራዲና...»

«እውነቱን ስለነገርከኝ እወድሃለሁ። ከዛሬ በፊት እንዲህ ወድጄህ አላውቅም።» ዓይኗን ጠረገች፣ ግን አላቋረጠችም። «እውነቱ ይሄ ስለሆነ ደግሞ አላገባህም። ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ስደብቅ መኖር አልችልም። አንተ ባታየው እንኳ እኔ አየዋለሁ።»

እጁን ዘረጋ። ነካችው፤ ጣቱን ብቻ፤ ከዚያ ለቀቀችው። ሁለቱም እያለቀሱ ነበር፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ያን ሳይ ቁጣዬ ሁሉ የት እንደገባ አላውቅም። እንዲህ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች፣ እንዲህ ባለ ነገር! ለምን? ሰው ምን ይለናል ለሚል ለአንድ መናኛ ነገር!

ዶና ኤልቪራ መሀረቧን ከወንበሩ ላይ መንጭቃ ወሰደች። ኬኩንም ከነትሪው አነሳች፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ ያመጣችውን ኬክ! ደረጃው ላይ ስትደርስ ግን ትሪ ተሸክሞ መመለስ በሰው ፊት ምን እንደሚመስል ገባት መሰለኝ፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ አስቀምጣው ወረደች። ዶን ጃቺንቶ ለወንድሜ እጁን ዘርግቶ ጨበጠው። ኦራዚዮ መጨረሻ ወጣ። በመስኮቱ ሥር ያሉት ሴቶች መሀል ሲያልፍ ጭንቅላቱን አልደፋም፣ ፊቱም አልቀላም፤ እንዳረጀ ሰው ቀስ እያለ ሄደ። አንዷም «ምስኪን» አላለችውም።

በሩ ሲዘጋ ኮራዲና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ጮኸች። ለቅሶ እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ ከሆዷ ሥር ነው የሚመጣው። አባቷ ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ውኃ ሊያመጣ ሄዶ ባዶ ብርጭቆ ይዞ ተመለሰ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዛሬ በኋላ ማንም በራችንን እንደማያንኳኳ ሦስታችንም እናውቃለን።

እኔስ ምን አደረግኩ? ያን ሁሉ ስረግም የዋልኩት ሴትዮ? ብድግ ብዬ መስኮቱን ልዘጋ ሄድኩ። ጎረቤት ሰማን ብዬ። እጄ መዝጊያውን ይዞ ነው ከታች አንጋጠው የሚያዩኝን ፊቶች ያየሁት፤ የዶና ኤልቪራ ቃል፣ ያ «ቬርጎኛ»፣ በአፌ ሙሉ ነበር። በራሴ ላይ ያን ጊዜ የመጣብኝን ማቅለሽለሽ እኔ ነኝ የማውቀው።

«ተይው አክስቴ» አለችኝ ከወለሉ ላይ፣ በሳግ መሀል። «ይስሙ።»

መዝጊያውን ለቀቅኩት። ተመልሼ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና ያን የላጠችውን ቀይ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጌ፣ እኔም ድምፄን ሳልቀንስ አለቀስኩ።